የፖሊስ የጣት አሻራ መዝገብ፦ ድምፅ ሰጪው ሊመዝነው የሚገባው

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሚገኘውና በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ሲያትልን የሚያካትተው ኪንግ ካውንቲ፣ ለፖሊስ የጣት አሻራ መዝገብ የሚውለውን ልዩ የንብረት ግብር ለነዋሪው ድምፅ ሲያቀርብ ቆይቷል። ግብሩ መጀመሪያ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በኖቬምበር 2018 ሲታደስ፣ መነሻ መጠኑ በ1,000 ዶላር የንብረት ግምት 3.5 ሳንቲም ነበር። በዚህ ስሌት 500,000 ዶላር የተገመተ ቤት ያለው ሰው በዓመት 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፍል ነበር።

ገንዘቡ ጥቂት ቢመስልም ጥያቄው ከባድ ነው። መዝገቡ በወንጀል ስፍራ የተገኘን አሻራ ቀድሞ ከተመዘገቡት ጋር ያነጻጽራል፤ በሐሰት ስም የቀረበን ተጠርጣሪ ይለያል፤ ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬንም ለቤተሰቡ እንዲመለስ ይረዳል።

ሆኖም ኮምፒዩተሩ የሚያቀርበው ተቀራራቢ አሻራዎችን ነው፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ባለሙያ ነው፤ ባለሙያም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የፌዴራል ምርመራ ቢሮ አንድን የኦሬገን ጠበቃ በአሻራ ስሕተት ከማድሪዱ የባቡር ፍንዳታ ጋር አያይዞ አስሮታል። በኋላ ይቅርታ ተጠይቋል፤ መንግሥትም 2 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፍሏል።

ለስደተኞች ደግሞ ሌላ ስጋት አለ። በእስር ቤት ተወስዶ ለፌዴራል ምርመራ ቢሮ የሚላክ አሻራ ከኢሚግሬሽን መዝገብ ጋርም ይመሳከራል። ስለዚህ በቀላል ጉዳይ መያዝ በመኖሪያ ፈቃድ ላይ መዘዝ ሊያስከትል ይችላል።

በአውሮፓም ጥያቄው ፍርድ ቤት ደርሷል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2008፣ ብሪታንያ ጥፋተኛ ያልተባሉ ሰዎችን አሻራ ያለ ጊዜ ገደብ ማስቀመጧ የግል ሕይወት የመከበር መብትን እንደሚጥስ ወስኗል።

እንግዲህ ድምፅ ሰጪው «ደኅንነት ወይስ ነጻነት?» ብሎ ብቻ ከመጠየቅ፣ የሚከተሉትን ቢመረምር ይበጃል። የማን አሻራ ይመዘገባል? ነጻ የተባለ ሰው አሻራ መቼ ይሰረዛል? መረጃው ለየትኞቹ ተቋማት ይተላለፋል? ስሕተት ሲፈጸም ማን ይጠየቃል? መልሱ በግልጽ ከተጻፈ ገንዘቡን መፍቀድ ይቀላል፤ ካልተጻፈ ግን አስቀድሞ ገደብ እንዲበጅ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመካከለኛው ምሥራቅ ለመኖሪያ ፈቃድ አሻራውን የሰጠ ሠራተኛ ይህን ጉዳይ በቀላሉ ይረዳዋል። የይለፍ ቃል ሲሰረቅ ይቀየራል፤ ጣት ግን አይቀየርም።