መውረስና መተካት ለየቅል ናቸው

ለፕሮግራመርነት የሚወዳደሩ ወጣቶችን ስፈትን የኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግን «አራት ምሰሶዎች» የማይነግረኝ የለም። ኢንካፕሱሌሽን፣ አብስትራክሽን፣ ኢንሄሪታንስ፣ ፖሊሞርፊዝም እያሉ አንድም ሳያዛንፉ ይወጡታል። ቀጥዬ «አንድ ክላስ የሌላው ንዑስ ዓይነት የሚሆነው መቼ ነው?» ስል ግን አብዛኛው «ኤክስቴንድ ሲያደርገው ነዋ!» ይለኛል። እንዲህ ያስተማራቸውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ክላስና ንዑስ ክላስ የመጡት ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ ኦስሎ ውስጥ በሠሩት ሲሙላ 67 ነው። በ1970ዎቹ አላን ኬይና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስሞልቶክን አወጡ። ንድፈ ሐሳቡ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ በ1984 ሉካ ካርዴሊ ኦብጀክትን እንደ ሪከርድ ቆጥሮ የንዑስ ዓይነትን ሕግ በሒሳብ አስቀመጠ።

ሕጉ የሚጠይቀው መተካትን ነው። የላይኛው ዓይነት በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ የታችኛው ቢገባ ፕሮግራሙ መሳሳት የለበትም። ውርስ ግን የተጻፈ ኮድን መልሶ መጠቀም ነው። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ስለምናይ አንድ ይመስሉናል።

«ነጥብ» የሚባል ክላስ አለን እንበል። ኤክስና ዋይ አለው፤ «እኩል» የተባለው ሜተዱ ሌላ ነጥብ ተቀብሎ ያነጻጽራል። «ባለቀለም ነጥብ» ይህን ወርሶ ቀለም ይጨምርና «እኩል»ን እንደገና ይጽፈዋል፤ ቀለምም ስለሚያነጻጽር አሁን የሚቀበለው ባለቀለም ነጥብ ብቻ ነው። ውርሱ እንከን የለውም። አሁን ሁለት ነጥቦች ተቀብሎ የመጀመሪያውን «ከሁለተኛው ጋር እኩል ነህ?» የሚል ፋንክሽን እንጻፍ። ለመጀመሪያው ባለቀለሙን፣ ለሁለተኛው ተራውን ነጥብ ብንሰጠው ባለቀለሙ የሌላኛውን ቀለም ሊያነብ ይሄዳል። ተራው ነጥብ ቀለም የለውም፤ ፕሮግራሙ እዚያው ይወድቃል።

በሱቅ እንመስለው፦ ማንኛውንም የብር ኖት የሚቀበል ባለሱቅ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ቢሄድና ወንድሙ «ከመቶ ብር በታች አልቀበልም» ቢል ተተካ አይባልም። ስለዚህ ንዑሱ ሜተድ የሚመልሰውን ማጥበብ ይችላል፤ የሚቀበለውን ግን ማስፋት እንጂ ማጥበብ አይፈቀድለትም። ብዙ ሰው ይህ የተገለበጠ ይመስለዋል፤ እኔ ከዘርፉ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ዊልያም ኩክ ይህን ሕግ የሚጥሰውን ኤፍል የተባለ ቋንቋ በ1989 ተቸ፤ በ1990 ደግሞ ከዋልተር ሂልና ከፒተር ካኒንግ ጋር «ውርስ ንዑስ ዓይነትነት አይደለም» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አቀረበ። በጃቫ የምትጽፉ «እኛን አይመለከትም» አትበሉ። ጃቫ ከላይ ያለውን አዲሱን «እኩል» እንደ ሌላ ሜተድ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ ፋንክሽናችን የቆየውን ስለሚጠራ ቦታቸው አንድ ሆኖ ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ነጥቦችን «እኩል ናቸው» ይላል። ዝም ብሎ የሚሳሳት ፕሮግራም ከሚወድቀው ይከፋል።

የጃቫ አሬይም ያው ነው። የስትሪንግ አሬይን የኦብጀክት አሬይ አድርጋችሁ ኢንቲጀር ብታስገቡበት ኮምፓይለሩ ያሳልፋችኋል፤ ስህተቱ የሚወጣው ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው። ጃቫ ሲወጣ ጄኔሪክስ ስላልነበረ ለሁሉም ዓይነት አሬይ የሚያገለግል ሜተድ አንዴ ለመጻፍ ሲባል የቋንቋው ነዳፊዎች አውቀው የተዉት ቀዳዳ ነው። በ2004 የመጣው ጄኔሪክስ ለሊስት ይህን ይከለክላል፤ አሬዩ ግን እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።

ባርባራ ሊስኮቭ በ1987 ሜተዱ የሚቀበለውና የሚመልሰው ዓይነት መስማማቱ ብቻ እንደማይበቃ፣ ጠባዩም መስማማት እንዳለበት አሳየች፤ በ1994 ከጃኔት ዊንግ ጋር አጠናከረችው። ይህን ኮምፓይለር አይጠብቅላችሁም።

እንግዲህ የፈለጋችሁት ኮዱን ብቻ ከሆነ ኤክስቴንድ አታድርጉ፤ ያንን ክላስ በፊልድ ያዙትና ሥራውን እሱ ይሥራላችሁ። ኤክስቴንድ የምታደርጉት የእናንተን ኦብጀክት በላይኛው ቦታ የሚያገኝ ሰው ልዩነቱን እንደማያውቅ ስታረጋግጡ ብቻ ይሁን።