የሥራ ክርክር በዕርቅ ሲቋጭ፦ የፍርድ ቤቱ መዝገብ በትክክል የሚዘጋው እንዴት ነው?

አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ሌላ የልማት ሥራ በሚያስተዳድሩበት ጊዜ አሠሪ ይሆናሉ። አሠሪ እንደመሆናቸውም አንድ ሠራተኛ «አድልዎ ተፈጽሞብኛል፤ አቤት በማለቴም ከሥራ ተባረርኩ» ብሎ ሊከሳቸው ይችላል። በአብዛኛው ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱን ወገኖች ያስታርቃሉ። ይሁን እንጂ ዕርቁ በፍርድ ቤት ያለውን መዝገብ በራሱ አይዘጋውም። ይህ ልዩነት ሰበካ ጉባኤውንም ሠራተኛውንም ሊጎዳ ስለሚችል በሚገባ መታወቅ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ጾታ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ እርግዝናና አካል ጉዳት የሥራ ውልን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆኑ ይደነግጋል። ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክስ ሂደት መሳተፉም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ምክንያቶች የተሰናበተ ሠራተኛ በአንቀጽ 43 መሠረት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ መመለስ ካልፈለገ ካሳ ይከፈለዋል። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

አዋጁ በሃይማኖት ተቋማት የሚመሠረት የሥራ ግንኙነት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በተለየ ሁኔታ ሊወሰን እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ የካህናትንና የሌሎች መንፈሳዊ አገልጋዮችን ጉዳይ ከመምህሩ፣ ከነርሷ ወይም ከጥበቃ ሠራተኛው ጉዳይ ለይቶ የሕግ ባለሙያን ማማከር ይገባል።

ዕርቁ ወደ ፍርድ ቤት ካልቀረበስ?

ለምሳሌ አንዲት መምህርት ከወንድ ባልደረቦቿ ያነሰ ደመወዝ እንደሚከፈላት አቤቱታ አቅርባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተሰናበተች እንበል። ክስ ከመሠረተች በኋላ ሽማግሌዎች አስታረቁ፤ ሰበካ ጉባኤውም «ታርቀናል» ብሎ ከቀጠሮ ቀረ። ከሳሿ ከቀረበች ጉዳዩ ተከሳሹ በሌለበት ሊታይና ሊፈረድ ይችላል። ሁለቱም ከቀሩ ደግሞ መዝገቡ ይዘጋል እንጂ ክርክሩ በፍርድ አልተቋጨም፤ ጉዳዩ እንደገና ሊነሣ ይችላል። መምህርቷም የተገባላት ቃል ሳይፈጸም ቢቀር በእጇ የሚቀረው የሽማግሌዎች ምስክርነት ብቻ ነው፤ ይህ በእንዲህ እንዳለም የይርጋው ጊዜ ሊያልፍባት ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 274 እስከ 277 ተከራካሪዎች በማናቸውም ጊዜ ክርክራቸውን በስምምነት መጨረስ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ የፍርድ ቤቱን ስም፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ የተከራካሪዎቹን ስምና አድራሻ እንዲሁም የተስማሙበትን ጉዳይ መያዝ አለበት፤ ቀን ተጽፎበትም ይፈረማል። ፍርድ ቤቱም ከሕግና ከሞራል ጋር የማይቃረን መሆኑን ሲረዳ ያጸድቀዋል። የጸደቀ ስምምነት ሳይከበር ቢቀር በአፈጻጸም መዝገብ ማስፈጸም ይቻላል። ክሱን ማንሣት ብቻ ግን ይህን ዋስትና አይሰጥም።

በስምምነቱ ላይ የሚከፈለው ገንዘብ መጠንና ቀን፣ ሠራተኛው ወደ ሥራ የሚመለስ ከሆነም የሥራ መደቡና ደመወዙ በግልጽ ይጻፉ። የአድልዎውና የበቀል እርምጃው አቤቱታ ሁለቱም መቋጨታቸው ይጠቀስ። «ተስማምተናል» የሚል ጥቅል ቃል ለነገ ክርክር በር ይከፍታል።

የሥራ ውል በስምምነት የሚቋረጥ ከሆነም አንቀጽ 25 ሁለት ነገሮችን ያስገነዝባል፦ ስምምነቱ በጽሑፍ ካልሆነ ሠራተኛውን አያስገድደውም፤ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት መተዉም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሠራተኛው በችግር ተገፍቶ የፈረመው ወረቀት ሰበካ ጉባኤውን አይጠብቀውም።

በመጨረሻም መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ወደ ሥራ የተመለሰውን ሠራተኛ ወይም የመሰከሩለትን ባልደረቦቹን በሥራ ምደባ ወይም በዕድገት መበቀል አዲስ የክስ ምክንያት ይሆናል። ሰበካ ጉባኤው ስምምነቱን በቃለ ጉባኤ አስፍሮ፣ ክፍያውን በደረሰኝ ፈጽሞ፣ የሥራ ኃላፊዎችም እንዲያውቁት ቢያደርግ ዕርቁ ከወረቀት አልፎ በሥራ ቦታው ይታያል።