ኮምፒዩተሩስ መለዋወጫ አለው፣ አንገትስ?

አትላስ አካባቢ ጽሑፌን የማስተይብባት አንዲት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ባለቤቷ ወጣት ሴት ናት። ፊት ለፊቷ ሕንጻ ስለሚሠራ የሲሚንቶ ብናኙ በመስኮት ዘው ይላል። እሷ ታዲያ ኮምፒዩተሯን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍና እንደ አራስ ትጠብቀዋለች።

በቀደም ስሄድ አንገቷ አልዞር ብሏት አገኘኋት።

«ብርድ መትቶኝ ነው ባክህ» አለችኝ።

አቀማመጧን ሳይ ግን ብርዱ ከየት እንደመጣ ገባኝ። መደገፊያው የተሰበረ ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ስክሪን... ቀኑን ሙሉ እንዳቀረቀረች ነው! ይባስ ብሎ ያን ዕለት መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒዩተሩም አልነሳ አለ። ሴቭ ያላደረገችው የደንበኛ ሥራም አብሮ ቀረ። ባለሙያ ሲከፍተው ፋኑ በአቧራ ተደፍኗል። ለካ ጨርቁን እየሠራም ከላዩ አታነሳለትም ነበር!

«ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ከማሽኑ እንጀምር።

ጨርቅ የሚለብሰው ከጠፋ በኋላ ነው። እየሠራ ከተሸፈነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ወለል ላይም አይቀመጥ፣ አቧራው የሚበዛው እዚያ ነውና። አቧራ የሚበዛበት ቤት ከሆነ በየጥቂት ወሩ ከሶኬት ነቅላችሁ በንፋስ አስነፉት። ፋኑ በንፋሱ ኃይል እንዳይሽከረከር በጣት ያዝ ይደረግ። ስክሪኑን ለስላሳ ጨርቅ በትንሹ አርጥባችሁ ጥረጉት እንጂ ፈሳሽ በቀጥታ አትርጩበት።

መብራት ሲሄድ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፉ፤ ሲመለስ ትንሽ ታገሱ። ዩ ፒ ኤስ ያላችሁም አትዘናጉ። እሱ የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ በወጉ እንድትዘጉ እንጂ እንድትቀጥሉ አይደለም። ባትሪውም ከ3 እስከ 5 ዓመት ገደማ አገልግሎ ይደክማል። ዋና ዋና ሥራችሁን ደግሞ በፍላሽ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ባለቤቱ እንምጣ።

የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ርቀቱ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አንድ ክንድ ማለት ነው። ልጅቷን ሁለት ደስታ ወረቀት ከሥሩ አስገባሁላት፤ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አለ። ምንም ወጪ የለውም! ክርን ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ እግር መሬት ይርገጥ፤ ካልደረሰ ወፍራም ጣውላ ከሥሩ ይግባ። ወገብ ጀርባ የተጠቀለለ ፎጣ ማድረግ ይረዳል። የመስኮት ብርሃን ከጎን ይምጣ እንጂ ስክሪኑ ላይ አያንጸባርቅ።

በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ። ቢያንስ በየሰዓቱ ብድግ በሉ። ጣታችሁ እየደነዘዘ ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ ግን «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተዉት፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የልጅቷ ኮምፒዩተር በሳምንቱ አዲስ ፋን ተገጥሞለት ሥራ ጀምሯል። እሷ ግን ስትጠሯት እስከዛሬ የምትዞረው ከነትከሻዋ ነው። ለአንገት መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ደግሞ አትላስም ሆነ ሌላ ቦታ የለም።

ቸር ይግጠመን!