በአገልግሎት ላይ የሚገኙት የዓባይ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድዮች እና የጥገናቸው ሥርዓት

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ በጠባብ አለት መካከል በሚያልፍበት ስፍራ የሚገኘው የአላታ ድልድይ በኢትዮጵያ ከተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች ቀዳሚው እንደሆነ ይታመናል። የተሠራው በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ በ1618 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ሥራውን የመራው ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጣ የግንባታ ባለሙያ ነበር። ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ የተገኘውም እዚያው አቅራቢያ፣ አላታ በተባለው ገባር ወንዝ ዳር ነው። ዛሬም ገበያተኛው ከነጭነቱ፣ እረኛው ከነከብቱ፣ ፏፏቴውን ሊያይ የመጣው እንግዳም በዚሁ ድልድይ ይሻገራል።

ዓባይ ቁልቁል ወርዶ ምሥራቅ ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር በሚለይበት፣ በሞጣ አቅጣጫ፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ሁለተኛው ድልድይ ይገኛል። ይህም እንደ አላታ «የፖርቱጋሎች ድልድይ» መባሉ አልቀረም፤ ነገር ግን አፄ ፋሲል የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ በመሆናቸው ስያሜው እምብዛም አይስማማውም። ሕዝቡ የሚያውቀው ሰባራ ድልድይ በሚለው ስሙ ነው። በጣሊያን ወረራ ወቅት፣ በ1928 ዓ.ም. ገደማ፣ የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት መካከሉ ተቆርጦ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከማዶ ያሉ ሰዎች እየጎተቱት ክፍተቱን ያልፍ ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በ1993 ዓ.ም. በውጭ አገር መጽሔት ከወጣ በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተገጠመ። ብረቱን ግን ጎርፍ ወሰደው፤ ኋላም ለእግረኞች ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

እንዲህ ያሉ ድልድዮች በየቀኑ ስለሚረገጡ ድንጋያቸው መላላቱ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ነዋሪው በቅን ልቡና ቀዳዳውን በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ይሁን እንጂ ሲሚንቶ ከጥንቱ የኖራ ማያያዣ ይልቅ ጠጣርና እርጥበት የማያስወጣ በመሆኑ፣ ውስጥ የታገደው ውኃ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ እየሸረሸረ ይሄዳል። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

በዚህም ምክንያት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፣ በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም የእንክብካቤና የጥገና ሥራ በቅድሚያ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። የላላ ድንጋይ ወይም የተሰነጠቀ ቅስት የተመለከተ ነዋሪ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢያመለክት ይገባል። የወደቀውን ድንጋይም ለአጥር ወይም ለቤት መሠረት ሳይወስድ ባለበት ይተወው፤ በጥገናው ጊዜ ወደ ቦታው የሚመለሰው ያው ድንጋይ ነው።