የአጎቴ ካርባይን እና የእኔ ኤክሴል

አጎቴ የሚኖሩት አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት በቪዲዮ ስናወራ ከኋላቸው ጠረጴዛ ላይ የተበታተነ ብረት አየሁ። «ጋሼ፣ ደግሞ ምን እየጠገኑ ነው?» ስላቸው ካሜራውን አዞሩልኝ። ጠመንጃ! ያውም ካርባይን።

ለኛ ዕድሜ ልጆች ጠመንጃ ማለት ክላሽ ነው። እኔ ግን ካርባይንን ሳሎናችን ከተሰቀለው ፎቶ አውቀዋለሁ፤ ክቡር ዘበኛ የነበሩት አያቴ ትከሻ ላይ ያለው እሱ ነው። አሜሪካ ይህን ቀላል ጠመንጃ የተቀበለችው በ1941 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን በጦርነቱ ዓመታት ከ6 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። የመሣሪያ ፋብሪካዎች ብቻ ስላልበቁ የታይፕራይተር አምራቹ አንደርውድና አይቢኤም ሳይቀሩ ሠርተውታል። በኋላ ለኢትዮጵያ ጦር ተሰጠ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከኛ መጋዘን የወጡ አሮጌ ካርባይኖች ተመልሰው አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች እየተሸጡ ነው። አጎቴ ከነዚህ አንዱን ገዙ። «ምናልባት አባባ የያዘው ይሆናል» አሉኝ እየሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ።

ጠመንጃው የደረሳቸው በደረቀ ቅባትና በአቧራ ተለብጦ ነው። ሦስት ቅዳሜ ወለወሉት። ብዙ ጠመንጃ ከኋላ በኩል ይወለወላል፤ የካርባይን ጀርባ ግን ዝግ ስለሆነ ዘንጉ የሚገባው ከፊት ነው። ዘንጉ የአፈሙዙን ጫፍ እየፋቀ ካበላሸው ጠመንጃው ዒላማ መሳት ይጀምራል። ስለዚህ ጫፉ ላይ መከላከያ ያደርጋሉ። ከፊል አውቶማቲክ እንደመሆኑ፣ ሲተኮስ የባሩዱ ጋዝ አንዲት ትንሽ ፒስተን ይገፋል፤ ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ያቺ ፒስተን ዘይት አትፈልግም፤ ዘይቱ በሙቀት ተቃጥሎ ይጋገርባታል። በቀላሉ የማትፈታ በመሆኗም የአሜሪካ ጦር ለካርባይን ጥይት ከመጀመሪያው ዝገት የማያስከትል ፕራይመር (ባሩዱን የሚለኩሰው ቆብ) ነው የተጠቀመው። የድሮ የሶቪየት ጥይት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ፕራይመሩ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨውን ደግሞ የሚያጥበው ውሃ እንጂ ዘይት አይደለም።

የእኔ ጉድ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አጎቴ የተተኮሰ ቀለህ ሰብስበው፣ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና እርሳስ እየገጠሙ ጥይት ይሠራሉ። እዚያ ለራስ መተኮሻ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለመሸጥ ነው የፌዴራል ፈቃድ የሚጠየቀው። (እዚህ አገር እንዳትሞክሩት። አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ያላነበበ ካለ ያንብብ።) እኔም ኢኮኖሚክስ ተምሬ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ኤክሴል ከፈትኩ። ባሩድ በፓውንድ ይሸጣል፤ አንድ ፓውንድ 7000 ግሬይን ነው። አንድ ጥይት 14 ግሬይን ከበላ 500 ጥይት ይወጣል። ፈጣን የሚባለው የሽጉጥ ባሩድ ግን ለአንድ ጥይት ግማሽ ያህል ይበቃዋል። በቃ፣ ወጪው በግማሽ ወረደ! ሠንጠረዡን በቴሌግራም ላክሁላቸው።

ወዲያው ደወሉ። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ አንተ የቆጠርከው የባሩዱን ዋጋ ነው። የእኔን ጣት ቆጥረሃል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈጣን ባሩድ ግፊቱን በአንዴ ይጨርሳል፤ ፒስተኗን በደንብ ለመግፋት የሚተርፍ ጋዝ ያንሳል፣ ጠመንጃው ይነክሳል። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ግማሽ የማይሞላ ቀለህ ውስጥ ተሳስተህ ሁለቴ ብትጨምር አይታወቅህም። ስትተኩስ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። እሳቸው የሚጠቀሙት ኤች 110 ቀለሁን ሊሞላው ምንም አይቀረው፤ ሁለቴ ከጨመርክ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ብክነት ብዬ የሰረዝኩት ያ ሁሉ ባሩድ ለካ ኢንሹራንስ ነው።

መቀነስም ዋስትና አይሆንም። ባሩዱ ካነሰ እርሳሱ አፈሙዝ ውስጥ ይቀራል፣ ቀጣዩ ጥይት ከኋላ ይደርስበታል። ስለዚህ መጠኑ የሚወሰደው ከአምራቹ መጽሐፍ እንጂ ከጓደኛ አይደለም (ከወንድም ልጅማ ጭራሽ!)። ስምም ያታልላል። ኤች 110 እና የዊንቸስተር 296 በሁለት ስም የሚሸጡ አንድ ባሩድ ናቸው። ኤች 4895 እና አይኤምአር 4895 ግን ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ባሩዱ ይለያያል። አጎቴ ለዚህ ነው ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ጣሳ በላይ የማያስቀምጡት።

«የሥራ ሰዓትዎንስ ልቁጠረው?» አልኳቸው ለማስታረቅ ያህል።

«ጡረተኛ ነኝ፤ ዜሮ ብለህ ጻፍ።»

ባለፈው እሁድ ፎቶ ላኩልኝ፤ የሃምሳ ጥይት ሳጥን፣ አንድ ቀዳዳ ባዶ። «49 ነው፤ አንዱስ?» ብዬ ጻፍኩ።

«ባሩዱን ስጨምር ስልክ ደወለ። መጨመሬን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ደፋሁት።»

የደወልኩት እኔ ነበርኩ።