ባለ 6 ሜትር ወይስ ባለ 7? ስኪ ጎታች ጀልባን ስንመርጥ

አዋሽ ሰባት ወይም ሰመራ ላይ ተሳቢ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የጅቡቲን ጭነት ነው። እዚህ የምናወራው ግን ጀልባ ስለሚጭን ተሳቢ፣ ጀልባዋም በተራዋ ሰው ስለምትጎትትበት መዝናኛ ነው። በውሃ ላይ ስኪ የተጀመረው በ1922 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ ሲሆን፣ ዛሬ ለዚሁ ተብለው የሚሠሩ ጀልባዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ።

ባለ 6 ሜትሯ ሞተሯ መሃል ላይ ነው። ክብደቷ 1 ቶን ተኩል ገደማ ስለሆነ ውሃውን ብዙም አትበጠብጥም። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ተጎትቶ ግራና ቀኝ ለሚሰነጥቅ ስኪተኛ የሚመቸውም ይኸው ለስላሳ ውሃ ነው። ባለ 7 ሜትሯ ተቃራኒዋን ትሻለች። ሞተሯ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ በሆዷ ያሉት ታንኮች ሐይቁን እየቀዱ ይሞላሉ፤ ሆን ብላ ከብዳ ከኋላዋ ትልቅ ማዕበል ታነሣለች። ተጎታቹ በሰሌዳ ላይ ቆሞ የሚዘለው በዚያ ማዕበል ነው። ለብዙ ሰውም ሰፊ ናት።

የት ትንሳፈፍ? አዋሽ ወንዝ አይሆንም፤ ጠባብ ነው፣ አዞም አለበት። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ ደርሷል። ሲሰፋ አሮጌ መንገድና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውጧልና፣ ፕሮፔለሯን ከሆዷ በታች ለምታሽከረክር ጀልባ ወጥመድ ነው። ጨዋማነቱም ብረት ይበላል። ሰመራ አቅራቢያ ያለው የተንዳሆ ግድብ የተሠራው ለመስኖ ነው፤ ውሃው ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከአፋር የሚነሣ ሰው ጀልባውን በአዳማና በሞጆ አድርጎ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ቢጎትት ይሻላል።

ብዙ ገዢ የሚረሳው ደግሞ ከፍታን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ላንጋኖ ግን ወደ 1,580 ይጠጋል፤ እዚያ የሞተሩ 15 በመቶ ጉልበት በአየር ቅጥነት ብቻ ይጠፋል። ትንሿ ይህን ትችለዋለች። ትልቋ ታንኮቿን ሞልታ ስምንት ሰው ጭና ስኪተኛን ከውሃ ለማውጣት ስትታገል ግን ነዳጁ እንዴት እንደሚነድ መገመት አያዳግትም። በየብስም ቢሆን ተሳቢው ሲደመር 3 ቶን የሚጠጋ ሸክም ማለት ነው፤ ፒክአፕ ሁሉ አይጎትተውም።

ልጆቹ ማዕበል ላይ ካልዘለልን ካላሉ በቀር እኔ ትንሿን እመርጣለሁ። የትኛዋንም ይግዙ፣ ሻጩን ለ1,600 ሜትር ከፍታ የሚሆን ዝቅተኛ ፒች ያለው (በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋ) ፕሮፔለር ይጠይቁት።