በሞተር ብስክሌት ላይ ስለሚጨመር የኤሌክትሪክ ሶኬት

ሞተር ብስክሌት ሰውንና ዕቃን ከቦታ ወደ ቦታ ከማድረስ በቀር ሌላ አገልግሎት የማይጠየቅበት ዘመን አልፏል። ዛሬ ዕቃ አድራሹ የደንበኛውን አድራሻ የሚያየው፣ ትእዛዝም የሚቀበለው በእጅ ስልኩ ነውና የስልኩ ኃይል ባለቀ ጊዜ ሥራውም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ከባትሪው ኃይል እየተቀበለ ስልክ የሚሞላ ትንሽ ሶኬት በመሪው አጠገብ ማስገጠም የተለመደ ሆኗል።

ዕቃው ትንሽ በመሆኑ አስመጪው ሳይመረምር ሊያስመጣው፣ ባለሱቁም ሳይጠይቅ ሊሸጠው ይችላል። ይሁን እንጂ ሽቦ የተቃጠለበት ወይም ባትሪ የሞተበት ደንበኛ አቤቱታውን ይዞ የሚመጣው ወደ ፋብሪካው ሳይሆን ወደ ሸጠለት ሱቅ ነው።

ሶኬቱ በሦስት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው ከመኪና የሲጋራ መለኮሻ የተወረሰው ሰፊው ነው። ሁለተኛው በአይ.ኤስ.ኦ. 4165 ደንብ የተወሰነው ጠባቡ ሲሆን፣ በጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብሊው ሞተር ብስክሌቶች ላይ የታወቀ ነው፤ መሰኪያውን አጥብቆ ስለሚይዝ በመንገድ ንቅናቄ በቀላሉ አይላቀቅም። ሦስተኛው የ12 ቮልቱን ኃይል ወደ 5 ቮልት ዝቅ አድርጎ የሚሰጠው የዩ.ኤስ.ቢ. ሶኬት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ አዳዲስ የእጅ ስልኮች የዩ.ኤስ.ቢ. ሲ ቀዳዳ እንዲኖራቸው ስላስገደደ፣ አስመጪው የቀድሞውን ቅርጽ ብቻ በብዛት ከማከማቸት ቢቆጠብ ይበጀዋል።

ከቅርጹ ቀጥሎ የሚጠየቀው ቮልቱ ነው። የጥንቶቹ ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ በ6 ቮልት የሚሠሩ ነበሩና ለ12 ቮልት የተዘጋጀ ዕቃ አይስማማቸውም።

ሦስተኛው ጉዳይ የኃይል ሂሳብ ነው። ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ይሆናል። 10 ዋት የሚወስድ የስልክ መሙያ ከ12 ቮልት ባትሪ 1 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህም ቀላል ነው። የሚሞቅ ጃኬትን የመሰለ ብዙ ኃይል የሚወስድ ዕቃ ግን ለትንሽ ሞተር ብስክሌት ጀነሬተር ከባድ ሸክም ነው። ደግሞም ምንም ሳይሰካበት 20 ሚሊአምፔር ብቻ የሚወስድ ሶኬት በ24 ሰዓት 0.48 አምፔር ሰዓት ይጨርሳል፤ ሞተሩ ሳይነሳ ቢቆም 5 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ በ10 ቀን ገደማ ባዶ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሶኬቱ የሞተሩ ቁልፍ ሲዘጋ አብሮ እንዲዘጋ በሪሌ መገናኘት ይገባዋል።

አገጣጠሙም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኃይሉ ከፊት መብራት ሽቦ ሳይሆን በራሱ ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይወሰዳል። በጋራዥ ቫልቮላ የሚባለው ፊውዝ ለባትሪው በጣም ቀርቦ ይገባል፤ ርቆ ቢቀመጥ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና በተቃጠለ ቁጥር በሚበልጥ አምፔር መተካት እሳትን መጋበዝ ነው። ሽቦው ከሞተሩ ግለትና ከመሪው መታጠፊያ ይራቅ፤ ሶኬቱም ውሃ የሚከላከል የጎማ ክዳን ይኑረው።

እንግዲህ አስተዋይ አስመጪ ዕቃውን ከማዘዙ አስቀድሞ የቮልቱን፣ የአምፔሩንና የክዳኑን ሁኔታ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ናሙናም አስመጥቶ በባለሙያ ያስፈትናል። ባለሱቁም ሶኬቱን ለብቻው ከመሸጥ ይልቅ ከተገቢው ሽቦ፣ ከፊውዝና ከፊውዝ ማቀፊያ ጋር አንድ ላይ አድርጎ፣ በአማርኛ የተጻፈ የአገጣጠም መመሪያ ጨምሮ ቢያቀርብ ሽያጩ ይበዛለታል፣ አቤቱታውም ይቀንስለታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ አንድ ፊውዝ አብሮ የመሸጥ ድካም የደንበኛን እምነት አጥቶ እንደገና ከመፈለግ እጅግ ይቀላል።